«አይሳሳትም» ያልኩት ሳጥን ካርቱም ድረስ እንዴት እንዳስጠራኝ

ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ተናድጄ ነው፤ የተመለስኩትም ተናድጄ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት የምናደድበትን ሰው ቀየሩት እንጂ ንዴቴን አላበረዱትም። ሰውየው ማን እንደሆነ በስተኋላ ይታያል።

ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሳይንስ አምድ እጽፋለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ጭስ አንድ አምድ ጻፍኩ። ጭስ እንዴት እንደሚጠቀለልና እንደሚበተን በኮምፒውተር የሚስሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ጀመርኩ። ቀጥዬ፣ ልጆቹ ቬፕ የሚሉት በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ ትነቱ በአፍና በሳንባ ሕዋሳት ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚመረምሩትን አነሳሁ። በመጨረሻም፣ በትምህርት ቤት መጸዳጃ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ያንን ትነት የሚያጋልጥ ሳጥን መጣ ብዬ አበሰርኩ። «አይሳሳትም» ብዬ ጻፍኩ። ማን ነገረህ ብትሉኝ የሻጩ ቪዲዮ ነው የነገረኝ። ነጭ ጭስ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሳጥኑ ቀይ ያበራል፣ አለቀ። ጭሱ ራሱ በኮምፒውተር የተሳለ ነበር። ያማረ ሥዕል አይቼ ስለ ሳጥኑ መሰከርኩ።

እህቴ ወይንሸት ካርቱም ሃያ ምናምን ዓመት ኖራለች። ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ መካኒክ አግብታ አንዲት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ሂባ ከካርቱም ወንዝ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ውስጥ ባለ የሴቶች የላብራቶሪ ኮሌጅ አዳሪ ተማሪ ናት። ኮሌጁ ከጦርነቱ በኋላ በሩን እንደከፈተ፣ እነዚያን ሳጥኖች በስጦታ እንስጣችሁ የሚሉ ሰዎች መጡ። ዲኗ አመነቱ። እህቴ ደግሞ በወንድሟ ጽሑፍ ኮርታ፣ ለዲኗ ወደ ዐረብኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ከዚያ ወዲያ ማመንታት ቀረ።

እናም ከመነሳቴ በፊት በነበረው ሳምንት ወይንሸት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ደህና ነህ የለ። «ያ አይሳሳትም ያልከው ዕቃ ልጄን አጫሽ ብሏታል» አለችኝ። ሂባ ከማደሪያ ተባርራለች። ፈተናው የሚጀመረው በመጪው ሐሙስ ነው። «ከእንግዲህ አላጨስም» የሚል ወረቀት ካልፈረመች አትቀመጥም። ከፈረመች ደግሞ እስካሁን አጨስ ነበር ማለቷ ነው፤ ካርቱም ውስጥ እንዲህ ያለ ስም የወጣላትን ልጅ ስሙ ከኮሌጅ ቀድሟት ሰፈር ይደርሳል። «በስልክ አይሆንም። መጥተህ በአፍህ ንገራቸው» ብላ ዘጋችው።

ፖርት ሱዳን ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ ልክ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብኝ። ለአዲስ አበባ ክረምት የተገዛ ኮት ለብሼ ነበር፣ የእኔ ነገር። ያረፍኩባት ሆቴል አልጋዋ ደህና ነው፤ ቬንቲሌተሩ ግን ጄኔሬተሩ ሲፈቅድ ብቻ ይዞራል። እራት የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ሻይ አዘዝኩ። እኛ ጋ ሻይ ውስጥ ስኳር ይጨመራል፤ እዚህ ስኳር ውስጥ ሻይ ይጨምሩበታል። ሁለተኛ ብርጭቆም ጠጣሁ።

እሑድ

ወደ ካርቱም የሚወስደኝ አውቶቡስ በጠዋት ተነሳ። ኬላ በደረስን ቁጥር ወታደር ይወጣና «ዋረግ» ይላል፣ ወረቀት ማለቱ ነው። ፓስፖርቴን ገልብጦ ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ለጉዞው ዓላማ የጻፍኩትን «ቤተሰብ ጥየቃ» ያያል። እውነቱን ብጽፍ ኖሮ «ሳጥን ለመክሰስ» ማለት ነበረብኝ። አምስተኛው ኬላ ላይ መቁጠር ተውኩ።

አትባራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ተሳፋሪው ግማሹ ሹፌሩን ይሰድባል፣ ግማሹ ያስተካክለዋል። እዚህ ሁሉም ወርዶ ጥላ ፈለገና ተምር አወጣ። እኔ ብቻ ሰዓቴን እያየሁ እንቆራጠጣለሁ። ከጎኔ ተቀምጠው የመጡ ሐጅ ባቢክር የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ እጄ ላይ ተምር አስቀመጡና «ብትቆምም ብትቀመጥም ቺንጋው የሚመጣው ከአትባራ ነው» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ቺንጋው ሲመጣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አትባራ ስንገባ ሹፌሩ ጉዞው ለነገ ነው አለ። ሆቴል የት ነው ብዬ ሐጅ ባቢክርን ጠየቅኩ። ሰውየው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉና «ዐለየ ጠላግ፣ እኔ ጋ ታድራለህ» አሉ። እሺ ካላልክ ሚስቴ ፈት ትሁን ብሎ መማል ማለት ነው። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎችን ትዳር በሆቴል ምክንያት ማፍረስ ከባድ ነው፤ ሻንጣዬን አንስቼ ተከተልኳቸው።

አሲዳ ቀረበልን። ገንፎ ነው በሉት፣ ግን መሃሉ ቅቤ የለውም፤ ዙሪያውን ወጥ ከቦታል። በጣት ይበላል። እጄን አቃጠልኩና የሐጅ ሚስት ሳቁብኝ፤ ውሃም አመጡልኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ዘረጉልኝና ነጭ አንሶላ አነጠፉበት። አንሶላውን ወደ አፍንጫዬ ስስበው ጭስ ጭስ አለኝ። የሚከረፋ ጭስ አይደለም፤ ጣፋጭ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ስኳርና ሽቶ ያለበት። ሐጁን ጠየቅኳቸው።

«በኹር ነው» አሉ። «ሰንደል እንጨት በስኳርና በሽቶ ይነከራል፣ ፍም ላይ ይደረጋል። ልብሱም፣ አንሶላውም፣ ሴቶቹ ከላይ የሚጠቀለሉበት ቶብም በላዩ ይያዛል። ውሃ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ ያልታጠበውን ሁሉ እናጥነዋለን። ምነው፣ ጠላኸው?»

አልጠላሁትም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አዳመጡኝና «ያ ሳጥን እኔ ቤት ቢሰቀል ከሚስቴ ጋር መነጋገር አንችልም፤ ሲጮህ ይውላል» አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። «የሠሩት ሰዎች በኹር አያውቁም ይሆናል፤ አይፈረድባቸውም። አንተ ግን ጎረቤት ነህ። አታውቅም ነበር?»

አላውቅም ነበር። የባሰው ደግሞ፣ በምን ጭስ ላይ ሞከራችሁት ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። አንሶላው ውስጥ ተጠቅልዬ በራሴ ስበሳጭ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰኞ

በሸንዲ በኩል አድርገን ከቀትር በኋላ ባሕሪ ገባን። ዑስማን በአንድ ጎኗ በር የሌላት መኪና ይዞ ጠበቀኝ። አማርኛው «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ብላ» ላይ ያበቃል፤ ሦስቱንም ተራ በተራ አለኝ። ወደ ካርቱም የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ተሰልፈን ቆየን። የፈረሰውን ፎቅ ሁሉ በአገጩ እያመለከተ የማን እንደነበር ስም ይጠራልኛል። አንዳንዱ ጋ ሲደርስ አገጩን አያነሳም።

ጀብራ ሰፈር ያለው ቤታቸው ግማሹ ተጠግኗል። አንደኛው ክፍል ቆርቆሮ ለብሷል፣ ሌላኛው ሰማይ ያያል። መብራት ከጣሪያ ሶላር፣ ውሃ ካሮ ከሚሉት የአህያ ጋሪ። ወይንሸት አቅፋኝ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ገፋ አደረገችኝና «ለምን ነበር እንደዚያ የጻፍከው?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ኪስራ የሚሉትን እንጀራ ሙላሕ ከሚሉት ወጥ ጋር አቀረበችልኝ፤ ስስ ናት ኪስራ፣ ወረቀት ታክላለች፣ ስንት ብበላ እንደምጠግብ ግራ ገባኝ።

ሂባ ከጓዳ ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ረጅም፣ የእናቷን ግንባር የያዘች። አማርኛዋ የእናቷ ነው፣ ቁጣዋ ግን በዐረብኛ ነው የሚወጣው።

«ኻሎ» አለችኝ፤ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። «ከሳምንት በፊት አርብ ቤት መጣሁ። ማማ ቶቤን በበኹር አጠነችው፣ ሙያ የለም እኮ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ ውሃ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ተመለስኩ። መታጠቢያው ገባሁ፣ ቶቤን አወለቅኩ፣ እንደዚህ አራገፍኩት» እያለች አየር ላይ አራገፈችው። «ቀይ በራ። ኻላስ፣ በቃ። ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ቦርሳዬን አራገፈች። ቬፕ የለም። ደብቀሽዋል አለችኝ። የት ልደብቀው? ውሃ ለቅቄ እንዳልጥለው ቧንቧው ውሃ የለው።»

«ለዲኗ አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት። ዋላሂ ሽንቴን መርምሩ አልኳቸው። ኒኮቲን ከሆነ ለጥቂት ቀናት ሽንት ላይ ይገኛል፣ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። እምቢ አሉ። ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር ስትመረመር ወሬ ይሆናል አሉ። አሁን ጊዜው አለፈ፤ ቢመረመርም ምንም አይናገርም።»

ደሜ ፈላ። የላብራቶሪ ኮሌጅ ነው እኮ። ሥራው ናሙና ተቀብሎ እውነቱን መናገር ነው። ተማሪዎቹ አንድ ማይክሮስኮፕ ለአምስት ይጋራሉ፣ ቧንቧቸው ደረቅ ነው፣ ጣሪያቸው ላይ ግን በኮምፒውተር በተሳለ ጭስ የተዋወቀው ሳጥን በሶላር ይበራል። እዚያው ተነስቼ ልሂድ አልኩ። ዑስማን «ብላ» አለኝ።

ማክሰኞ

ዲኗ ኡስታዛ ኢልሃም ይባላሉ። ኡስታዛ መምህርት ማለት ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ትሁት፣ ድካማቸው ከዓይናቸው የሚታይ ሴት ናቸው። ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ መጠጥ ተቀበሉኝ፣ የመንገዴን ድካም ጠየቁኝ፣ የአዲስ አበባን አየር ጠየቁኝ። ሰላምታው ብቻ እኛ ጋ አንድ ስብሰባ ያህላል። ለመቆጣት የመጣ ሰው እንዲህ ሲከበር ቁጣውን የት እንደሚያስቀምጠው ይጨንቀዋል።

የእኔ ዐረብኛ ከ«ሹክራን» አያልፍም። ወይንሸት ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ የሚያስተረጉመው ማን ሆነ? ሂባ። ከእኔና ከዲኗ መካከል ቆማ፣ ስለ ራሷ የሚባለውን እያንዳንዱን ቃል እየመለሰች ትነግረኝ ጀመር።

«ልጅቷ ጥሩ ውጤት ነበራት ይላሉ። ግን ሳጥኑ አያዳላም ይላሉ። አንዷን ብንተው ሌሎቹ ይማራሉ ይላሉ።» ከዚያ ቀጠለች። «እናቷ የውጭ አገር ሰው ስለሆነች ሥርዓት ሳታስተምራት ቀርታ ይሆናል ይላሉ።»

እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ዲኗ የራሳቸው ዓረፍተ ነገር ከልጅቷ አፍ ሲወጣ ሰምተው ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ፤ ግን አልመለሱትም።

በኹሩን አነሳሁ፣ ውሃውን አነሳሁ፣ ሽንቱን አነሳሁ። ዲኗ ስልካቸውን አወጡና መጀመሪያ ቪዲዮውን አሳዩኝ፤ ያው ያማረ ጭስ። ቀጥለው በዐረብኛ የተጻፈ ነገር አሳዩኝ። ወይንሸት ያነበበችላቸውን አምዴን አስጽፈውት ኖሯል። ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ። ሂባ ቃሉን አየች፣ እኔን አየች።

«አይሳሳትም ይላል» አለችኝ። «ኡስታዛ የሚሉት እንዲህ ነው። ካልተሳሳተ ልጅቷ አጭሳለች። ከተሳሳተ እርስዎ የማያውቁትን ጽፈዋል። የቱ ነው?»

ሁለተኛው ነው ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት በአምድ ጸሐፊነት የኖረ አፌን ከፍቼ «ቴክኖሎጂው በመርህ ደረጃ አስተማማኝ ቢሆንም እንደየሁኔታው» ብዬ ጀመርኩ። ሂባ አልተረጎመችውም። ዲኗም መተርጎም ሳያስፈልጋቸው የገባቸው መሰለኝ፤ ነገ ተመለሱ አሉን።

ወደ ጀብራ ስንመለስ ሀይስ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሂባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አፈርኩ። ደግሞ ማፈሬ ራሱ አናደደኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ከኮሌጁ በር ፊት ፉል በላሁ። ሸጣ የሚሉት በርበሬያቸው አለ፤ ባለቤቱ በምልክት «ትችለዋለህ?» ሲለኝ ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኩት። በራሴ ላይ የፈረድኩት ያኔ ነው። ዲኗ ቢሮ ገና እንደተቀመጥን ሆዴ ይጮህ ጀመር፣ ከዚያም ቁርጠት። ላቤ ወረደ። ሂባን በጆሮዋ ነገርኳት፤ ሳቋን ዋጠችና ለዲኗ ነገረቻቸው። ግቢው የሴቶች ነው፣ የወንድ መጸዳጃ የለም። ዲኗ ደንግጠው ተነሱ፣ ራሳቸው መሩኝ፣ የመምህራኑን መጸዳጃ ማንም እንደሌለበት አረጋግጠው አስገቡኝ፣ በባልዲ ውሃም አስመጡልኝ። ይህን ደግነታቸውን አልክድም።

እዚያ ተቀምጬ እፎይ ስል ቀና አልኩ። ጣሪያው ላይ ሳጥን አለ፤ ያው ሳጥን። ጥቁር የሱቅ ፌስታል አልብሰውት በገመድ አንገቱን አስረውታል። ፌስታሉ አቧራ ጠጥቷል፤ የዛሬ ወይም የትናንት ሥራ አይደለም።

አፌን ያዝኩ። ያውቁ ነበር። መምህራኑ ቶባቸውን አጥነው ይመጣሉ፣ ያገቡት ዱኻን የሚሉትን የጭስ እጥበት ተቀምጠው ይመጣሉ፣ ሳጥኑ ይጮህባቸዋል። እነሱን አጫሽ ያላቸው የለም። ፌስታል አለበሱት፣ ኻላስ። ልጅቷን ግን ወረቀት ፈርሚ አሏት።

ሱሪዬን ታጥቄ እንደወጣሁ ሂባን በአማርኛ ጠራሁና አሳየኋት። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ቢሮ ገባች፣ እኔን ሳትጠብቅ በዐረብኛ ተናገረች። ምን እንዳለች አላውቅም፤ አልጮኸችም። ዲኗ ግን የተቀመጡበት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ጫማቸውን አዩ። የቶባቸው በኹር ክፍሉን ሞልቶታል፤ ትናንትም ሞልቶት ነበር፤ እኔ ነኝ ያላሸተትኩት።

«ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር ይላሉ» አለች ሂባ ወደ እኔ ዞራ። «ሥራ አላሠራ አለን ይላሉ።»

«ታዲያ በአንቺ ላይ ሲጮህ ለምን አመኑት፣ በያቸው።»

ተረጎመችው። ዲኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ሂባን እንጂ እኔን አላዩም። ረጅም ነገር ተናገሩ። ሳጥኑን የሰጡት ሰዎች በየወሩ ሪፖርት ይጠይቃሉ፤ ሳጥኑ በተማሪ ላይ በጮኸ ቁጥር የተዘጋ ፋይል ይፈልጋሉ፤ ፋይል የሚዘጋው በተፈረመ ተዓሁድ ነው፣ በቃል ኪዳን ወረቀት። ያለዚያ ለኮሌጁ ጄኔሬተር የሚሰጡትን ነዳጅ ያቆማሉ። ሂባን ጥፋተኛ ነሽ ብለው አያምኑም፤ ግን ፋይሉ ክፍት ሆኖ ፈተና ማስገባት አይችሉም። «ፈርሚና ግቢ፣ ማንም አያየውም» አሏት። አነጋገራቸው የእናት ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ሂባ ወረቀቱን አነሳች፣ አነበበችው፣ እስክሪብቶውን ያዘች። ከዚያ ሁለቱንም እኔ ፊት አስቀመጠች።

«ኻሎ፣ አንተ ፈርም» አለችኝ። «እኔ ያላደረግሁትን አልፈርምም። አንተ ግን አድርገሃል።»

ዲኗ ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ ሂባ ነገረቻቸው። ዲኗ የተማሪዋ ስም ያለበትን መስመር ሰረዙና ወረቀቱን ወደ እኔ መለሱት።

በአማርኛ ጻፍኩ፣ ሂባ ከሥሩ በዐረብኛ ደገመችው። «ሳጥኑ አይሳሳትም ብዬ የጻፍኩት ሳላጣራ ነው። ሳጥኑ የበኹርን ጭስ ከቬፕ አይለይም። ሂባ ዑስማን አላጨሰችም። ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልጽፍም።» ፈረምኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ነው። ዲኗ ማኅተም መቱበት፣ ፋይሉ ውስጥ ከተቱት፣ ዘጉት።

ሐሙስ

ይህን የማሰፍረው ከተመለስኩ በኋላ ነው። አዘጋጄ ለሙገሳው ሙሉ ገጽ ሰጥቶኝ ነበር፤ ለእርማቱ አራት መስመር ሰጠኝ፣ ያውም ከስፖርቱ ሥር። ስለዚህ ሌላ ቦታ ወስጄ በረጅሙ ጻፍኩት።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ወይንሸት የሂባን ነጭ ቶብ አጠነችው። ሰንደሉን አልቆጠበችም። የእኔንም ኮት ቀምታ በፍሙ ላይ ያዘችው፤ የመንገደኛ ልብስ ቤቱን ይሽተት አለች። ዑስማን ሁለታችንንም በዚያች በር በሌላት መኪና ባሕሪ አደረሰን። እኔ ወደ አውቶቡስ፣ ሂባ ወደ ፈተና።

ከግቢው በር ላይ ቆሜ አየኋት። የፈተናው አዳራሽ መግቢያ ላይ ተቆጣጣሪዋ ወንበር ይዛ ሻይ ትጠጣለች። ከራሷ በላይ፣ ከበሩ ጉበን ሥር፣ ሳጥኑ አለ። ሂባ በሥሩ ለማለፍ አልቸኮለችም። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ የቶቧን ጫፍ ይዛ አንዴ አራገፈችው።

ቀይ በራ። ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየችው፣ ሂባንም አየቻት፣ ከዚያ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ሂባ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።